የስኳር ሕመም ላለባቸው ወጣቶች የሚደረግ ዓመታዊ ምርመራ፦ ከልጄ ጋር ያየሁት አገልግሎት

ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆነ፤ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ስኳር በሰውነት ላይ የሚያደርሳቸውን ጉዳቶች ለማወቅ ተብሎ በተዘጋጀ የአንድ ቀን ምርመራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች። ዓይኗ፣ ኩላሊቷ፣ እግሯ፣ የደም ግፊቷና የደም ቅባቷ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ በተከታታይ ታየ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ልጃቸውን ይዘው ወደዚህ ዓይነት አገልግሎት ለሚሄዱ ወላጆች ነው፤ እጅግ ያስደሰተኝ ሥራ እንዳየሁ ሁሉ፣ አንዲት ቃል አስቀድሞ ባለመነገሩ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁበትም ጉዳይ አለ።

እውነቱን ለመናገር የዓይንና የኩላሊት ጉዳት የትልልቅ ሰዎች ጣጣ ይመስለኝ ነበር። ቀጠሮውን ያስያዘን ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጠቀሰልን። በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው የታመሙና ስምንት ዓመት ያህል ከሕመሙ ጋር የኖሩ ወጣቶች ተመርምረው በ21 ዓመት ዕድሜ ላይ ያለው ሁኔታ ሲሰላ፣ ዓይነት 1 ካለባቸው 32 በመቶ፣ ዓይነት 2 ካለባቸው ደግሞ 72 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የጉዳት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ጉዳቱ ሲጀምር አያምም፤ ዓይንም አይጋርድም፤ ስለዚህ ካልተፈለገ አይገኝም። ዓይነት 2 የያዛቸው ልጆች ሕመሙ እንደታወቀ ወዲያውኑ መመርመር ያለባቸውም ለዚህ ነው። ዓይነት 1 ላለባቸው ግን ምርመራው የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጉርምስና ሲገቡና ከሕመሙ ጋር ጥቂት ዓመታት ሲቆዩ ነው።

ከሁሉም የተዋጣለት የዓይን ምርመራው ነው። ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎላት ከጠበቀች በኋላ የዓይኗ የውስጥ ግድግዳ ፎቶ ተነሣ። ባለሙያው ስክሪኑን ያዞረው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ነበር። ጠብታው ቅርቡን ስላደበዘዘባት ወንበሯን ራቅ አድርጎላት፣ በብርቱካናማው መደብ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጉትን የደም ሥሮች በጣቱ እየተከተለ፣ «እኔ የምፈልገው የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦችን ነው፤ ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲበዛ የቀጫጭኖቹ ሥሮች ግድግዳ ይሳሳና እዚህም እዚያም ይወጠራል። አንቺ ጋር አንድም አላገኘሁም» አላት። ስለ ዓይን ጉዳይ ስድስት ዓመት ሙሉ ማስፈራሪያ ብቻ ስትሰማ የኖረች ልጅ፣ የምትጠብቀውን ነገር ራሱን ስታይ ፊቷ ላይ የነበረውን ትኩረት አልረሳውም።

ነገር ግን የዓይን ምርመራው ከምሳ በፊት መደረጉ ትክክል አይደለም። የምሳ ኢንሱሊኗን የምትወስድበት ሰዓት ሲደርስ የስኳር መለኪያዋን ቁጥር ማንበብ አቃታት፤ የኢንሱሊን ፔኗንም መጠን አይቼ ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ። ብቻውን የመጣ የሃያ ዓመት ወጣት ቢሆን መጠኑን ማን ያነብለታል? ጠብታው ለሰዓታት ቅርብ ነገርን እንደሚያደበዝዝ እያወቁ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ቁጥር ማንበብ ግድ ለሚሆንባቸው ሰዎች የዓይን ምርመራውን የመጨረሻ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

የእግር ምርመራው አጭር ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ የናይለን ክር እግሯን በነካት ቁጥር «አሁን» ትላለች። አንድም አልሳተችም።

ያስጨነቀን የሽንቱ ምርመራ ነው። ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በጥቂቱ ወደ ሽንት ያልፋል፤ መጠኑም በሽንት ከሚወጣው ክሬያቲኒን ከተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተነጻጽሮ፣ ለአንድ ግራም ክሬያቲኒን 30 ሚሊ ግራም ከደረሰ ከመደበኛው በላይ ነው ይባላል። የልጄ ውጤት 48 መጣ። በስልክ የተነገረኝ «ኩላሊቷ ፕሮቲን እያፈሰሰ ነውና ተመልሳችሁ ኑ» የሚል ብቻ ነበር። ናሙናው በተወሰደበት ቀን ጠዋት ልጄ በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሮጣ እንደመጣች የጠየቃት አልነበረም። ሩጫ፣ ትኩሳት፣ የወር አበባም ጭምር ይህን ቁጥር ለጊዜው ከፍ ሊያደርጉት እንደሚችሉ፣ ተመራጩም ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚወሰደው የመጀመሪያው ሽንት እንደሆነ የሰማሁት በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ጉዳት አለ የሚባለውም በስድስት ወር ውስጥ ከሚወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ ከፍ ብለው ሲገኙ ነው። ጠዋት ጠዋት የወሰድንላት ሁለት ናሙናዎች 11 እና 9 ሆኑ። በቀጠሮው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ኖሮ ልጄ ሌሊት መጥታ «እማዬ፣ ኩላሊቴ ሊሞት ነው?» ብላ ባልጠየቀችኝ ነበር።

በመጨረሻ ነርሷ በትሕትና እኔን ውጭ እንድጠብቅ ጠየቀችኝና ከልጄ ጋር ብቻዋን ተነጋገረች። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ቤት ስንገባ ግን ልጄ ራሷ ነገረችኝ፤ ጓደኞቿ እንዳያዩዋት ብላ በትምህርት ቤት የምሳ መርፌዋን ብዙ ቀን ትዘል ኖሯል። የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ 8.9 በመቶ የደረሰበት ምክንያት ይኸው ነበር። ነርሷ አልተቆጣቻትም። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው፣ ኬቶን በተባለ አሲድ የሚመጣው የደም መመረዝ ዓመታትን እንደማይጠብቅ፣ ማስመለስና የሆድ ሕመም ሲመጣ ኬቶን መለካት እንደሚገባ በግልጽ ነግራታለች። ስለ ረጅሙ ጊዜም እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 ከ13 እስከ 39 ዓመት በሆኑ 1,441 ሰዎች ላይ የተደረገውን ጥናት አስረድታታለች። አማካይ ስኳራቸውን ወደ 7 በመቶ ያወረዱት፣ ወደ 9 በመቶ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ዓይናቸው ገና ጤነኛ በነበሩት ላይ አዲስ ጉዳት የመከሰት ዕድሉ በ76 በመቶ ቀንሷል። ልጄ «ለካ የእኔ ቁጥር መውረድ ይችላል» ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ለዓመታት ያልሰማሁትን ነገር ነርሷ በግማሽ ሰዓት ሰምታለችና፣ ወላጆች ከክፍሉ ውጡ ሲባሉ እንዳይከፋቸው እለምናለሁ።

አጥብቄ የምነቅፈው አንድ ነገር ቀርቷል። ክሊኒኩ የሚቀበለው እስከ 18 ዓመት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወጣቱ የሚሰጠው ወደ አዋቂዎች ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤውን የያዘው ልጅ መድረስ አለመድረሱን የሚከታተል ሰው እንዳለ ስጠይቅ የለም ተባልኩ። ወጣቶች ከቤት የሚወጡበት፣ ቀጠሮ የሚረሱበት፣ ጉዳቱም ቀስ እያለ ብቅ የሚልበት ዕድሜ ይኸው ነው። የልጄ ተራ ሊደርስ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ከተረካቢው ሐኪም ጋር ቢያንስ አንድ የጋራ ቀጠሮ እንዲዘጋጅላቸው ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቻለሁ።