«ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ» ብለው የ2003ቱን አኒሜ እየጫኑ ነው፤ ተጠንቀቁ!

ገና ንዴቴ አልበረደም። ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑትን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ፍላሹን ትሰጣላችሁ፣ ልጁ «አለ፣ አለ» ይላችኋል፣ የመጀመሪያውን ክፍል ከፍቶ ያሳያችኋል፣ ትከፍላላችሁ።

የጠየቅኩት ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ የሚባለውን የጃፓን አኒሜ (ካርቱን) ነው። ከሱ በፊት በ2003 የተሰራ ሌላ ፉልሜታል አልኬሚስት አለ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። «የ2009ኙን፣ 64 ክፍል ያለውን» ብዬ ለይቼ ነገርኩት። 1ኛውን ከፈተልኝ። የበረዶው አልኬሚስት ዋና ከተማዋን ሴንትራልን ሲያጠቃ አየሁ። ልክ ነው። ለ64ቱም ከፈልኩ።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማየት ጀመርን። እሱ አኒሜው የተሰራበትን ማንጋ (የጃፓን የስዕል ታሪክ መጽሐፍ) 27ቱንም ቅጽ አንብቧል፤ በስዕል ያየው ሁሉ ሲንቀሳቀስ ለማየት ጓጉቶ ነበር። 10ኛው ክፍል ላይ የጦር መኮንኑ ሂዩዝ ሞተ። አፈር ሲለብስ ትንሿ ልጁ «አባቴን ለምን ትቀብሩታላችሁ» እያለች ስትጮህ ሁለታችንም አለቀስን። 11ኛውን ስንከፍት ስዕሉ ሌላ ሆነ። ወንድሜ «ይሄ ታሪክ ማንጋው ላይ የለም» አለ። 13ኛው ላይ ሂዩዝ ድኖ፣ ቆሞ ይስቃል።

«ቀብረነው የለም እንዴ?» አለኝ ወንድሜ።

ከ11 እስከ 51 ያለው በሙሉ የ2003ቱ ነው። ከ52 እስከ 64 ያሉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ብቻ ተቀይሯል። ይሄ በስህተት የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቁጥር ቀይሯል።

ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «እህቴ፣ ያው ነው እኮ። ልጁም ያው፣ ብረት ለባሹም ያው» አለኝ። ያው አይደለም ስለው ወረፋ ወደያዙት ዞሮ «ለካርቱን ነው እንዲህ የምትሆነው» አላቸው። ሳቁ። ገንዘቤንም አልመለሰም።

ያው አይደለም! ቦንስ ስቱዲዮ የመጀመሪያውን ሲሰራ የሂሮሙ አራካዋ ማንጋ ገና እየወጣ ነበር። ስለዚህ ከመሀል ጀምሮ የራሱን ታሪክ ይዞ ሄደ። እዚያ ሆሙንኩለሶቹ (ጠላት ሆነው የሚመጡት ሰው ሰራሽ ፍጡሮች) የሚፈጠሩት ሰዎች የሞተባቸውን ሰው ለማስነሳት ሞክረው ሳይሳካ ሲቀር ነው። አንዷ እንዲያውም የዋናው ባለታሪክ የኤድንና የወንድሙን እናት መልክ ይዛ ትመጣለች። አራካዋ ጋ ግን ሁሉም ከአንድ «አባት» የወጡ ናቸው። የአገሪቱ መሪ ብራድሊም ሆሙንኩለስ ነው፤ ስሙ በ2003ቱ «ትዕቢት» ነው፣ በብራዘርሁድ «ቁጣ»። ልዑል ሊንግ እና ጄኔራል ኦሊቪየር የ2003ቱ ላይ ጭራሽ የሉም። መጨረሻውም ኤድን ሁለቱን ዓለሞች ከሚያገናኘው በር ማዶ፣ በእኛው ዓለም ጀርመን ውስጥ ያስቀረዋል። ወንድሜ የጠበቀው ማንጋው ላይ ያነበበውን ፍጻሜ ነው። እሱ ያለው 2010 ላይ ያለቀው ብራዘርሁድ ላይ ብቻ ነው።

የ2003ቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እወደዋለሁ። ሂዩዝን እስከ 25ኛው ክፍል ያቆየዋል፤ በደንብ ስለምትላመዱት ሞቱ የባሰ ያማል። ብራዘርሁድ መጀመሪያው ላይ ይሮጣል። ግን የ2003ቱን የሚፈልግ በስሙ ይግዛው። ሁለቱን ቆራርጦ አንድ ላይ የሰፋ ሰው ሁለቱንም ነው ያበላሸው።

1ኛውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። 11ኛውንም፣ ከመሀልም፣ 64ኛውንም አስከፍቱ። ልጁ እምቢ ካላችሁ ፍላሻችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።