«ጨው ቀንሷል» ስለተባላችሁ ብቻ ሴል አትግዙ

በላስ ቬጋስና በዙሪያዋ የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ገንዳችሁ ከጨው ክሎሪን የሚያመርት መሣሪያ የተገጠመለት ከሆነ ይህን አንብቡልኝ (ክሎሪኑ የሚመረትበት የመሣሪያው ክፍል ሴል ይባላል)። ሙቀቱ ሲበረታ የገንዳ ጥገና ድርጅቶች መኪና ከሰፈር አይጠፋም። ከእነርሱ አንዱ ለእኔ ያቀረበውን ሂሳብ ለሌላ ሰውም ሳያቀርብ አይቀርም።

በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ ጨው ማነሱን የሚያመለክተው መብራት በርቶ፣ የቁጥር ማሳያ መስኮቱ 2,300 የሚል ቁጥር ያሳይ ነበር። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚፈልጉት ከ2,700 እስከ 3,400 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ሚሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል እጅ ጨው ነው። የድርጅቱ ሰው መጣ፣ ቁጥሩን አየ፣ ከመኪናው የጨው ከረጢቶች አውርዶ ገንዳው ውስጥ ገለበጠ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ተመልሶ መጥቶ ሌላ ጨመረ፤ አሁንም ያው። በመጨረሻ ፍርዱን ሰጠ፦ «ሴሉ ሞቷል፤ የሳጥኑ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም ተበላሽቷል። ሁለቱም ይቀየራሉ።» የዋጋ ማቅረቢያው ከ2,000 ዶላር በላይ ሲሆን ዛሬውኑ ከተፈረመ ብቻ የሚሠራ ቅናሽ ታክሎበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ሴሉን ከቧንቧው ፈትቶ አላየም፤ ውሃውንም አልለካም። ወጥ እንኳ ጨው የሚጨመርበት ከተቀመሰ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ድርጅቶቹም ሊነግሩን የማይቸኩሉት ነገር አለ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ጨውን በቀጥታ አይለኩም። ሴል የሚባለው ክፍል በውስጡ በሩቴኒየም ወይም በኢሪዲየም ኦክሳይድ የተለበጡ ስስ የታይታኒየም ብረቶች በጥቂት ክፍተት ተደርድረውበታል። ጨዋማው ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበትና ክሎሪን ይፈጠራል። (ስለዚህ «ክሎሪን የሌለው ገንዳ» እያለ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ገንዳው ክሎሪኑን እዚያው ያመርታል እንጂ ከክሎሪን ነጻ አይደለም።) መሣሪያው በብረቶቹ መካከል ስንት አምፔር በስንት ቮልት እንዳለፈና የውሃው ሙቀት ስንት እንደሆነ ይመለከትና ከዚያ ተነስቶ የጨውን መጠን ያሰላል። ውሃው ጨዋማ በሆነ ቁጥር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚያልፍ ስሌቱ የሚያስኬድ ነው። ጣጣው ግን ኤሌክትሪኩን ያዳከመው ነገር ሁሉ በመስኮቱ ላይ «ጨው አነሰ» ተብሎ መነበቡ ነው። ብረቶቹ በኖራ ቢሸፈኑ፣ ውሃው ቢቀዘቅዝ፣ የሙቀት መለኪያው ቢሳሳት፣ የገመዱ መሰኪያ ቢላላ፣ በሳጥኑ ላይ የተመረጠው የሴል ዓይነት ከተገጠመው ጋር ባይገጥም፣ ሴሉ በእርግጥ ቢያረጅ፣ ሁሉም የሚሰጡት ያንኑ ዝቅተኛ ቁጥር ነው።

እኛ ከተማ ደግሞ የኖራው ነገር የባሰ ነው። ውሃችን በአብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ሲሆን ካልሲየም የበዛበት ነው። በበረሃው ፀሐይ ውሃው ይተናል፤ ካልሲየሙ ግን እዚያው ይቀራል። ገንዳው በአዲስ ውሃ በተሞላ ቁጥር ሌላ ካልሲየም ይጨመርበታል። ክሎሪን ሲመረት የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካሊነቱ መለኪያ) ከፍ ማለቱ ኖራው በብረቶቹ ላይ እንዲጋገር ያግዘዋል። መሣሪያው የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በየጊዜው እየገለበጠ ራሱን ለማጽዳት ይሞክራል፤ ለእንዲህ ያለ ውሃ ግን ሁልጊዜ አይበቃም።

እኔ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማብሪያ፣ ፓምፑንም አጥፍቼ ሴሉን ስፈታው በብረቶቹ መካከል ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ፣ አንዳንዱ ክፍተት ጭራሽ ተደፍኖ ነበር። በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል። ውሃውን በጨው መመርመሪያ ወረቀት ስለካ ደግሞ ወደ 4,200 ገደማ አሳየኝ። ሴሉ ጸድቶ ሲመለስ የሳጥኑም ቁጥር ሽቅብ ወጥቶ ከወረቀቱ ጋር ተቀራረበ። «ተበላሽቷል» የተባለው ሰሌዳ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

የቀረኝ ጣጣ የተገለበጠው ጨው ነበር። ጨው አይተንም፣ በክሎሪን ምርትም አያልቅም፤ የሚቀንሰው ውሃው ሲፈስ፣ ሲረጭ ወይም ሲያንጠባጥብ ነው። 18 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት በ38,000 ሊትር ውሃ ላይ ወደ 480 ፒፒኤም ይጨምራል፤ ማስወጣቱ ግን እንደ መጨመሩ ቀላል አይደለም። ከ4,200 ወደ 3,200 ለመመለስ የገንዳው ሩብ ያህል ውሃ ወጥቶ በአዲስ መተካት ይኖርበታል። ውሃ ብርቅ በሆነበት ከተማ፣ ያውም መንገድ ላይ ሳይሆን ወደ ፍሳሽ መስመር መለቀቅ ባለበት ውሃ፣ የዚህን ወጪ ድርጅቱ አይከፍልላችሁም። ለጨው የከፈልኩትን እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ የሰጡኝ መልስ «መሣሪያው ያሳየውን ነው ያደረግነው» የሚል ነው።

ሴሉን ራሳችሁ የምታጸዱ ከሆነ መጀመሪያ በውሃ ግፊትና በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ሞክሩ፤ በብረት መፋቅ ልባጡን ይገፈዋል። ካልለቀቀ አንድ እጅ ሙሪያቲክ አሲድ (ሃይድሮክሎሪክ አሲድ) በአራት እጅ ውሃ ይበረዛል። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ ፈጽሞ አይጨመርም። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ልጆችንም አርቁ። አረፋው ሲቆም በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ አሲድ ውስጥ የቆየ ሴል ዕድሜው ያጥራል።

ሴል አይሞትም እያልኩ አይደለም። እንደ አያያዙ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ ልባጡ ያልቃል። ብረቶቹ ንጹሕ ሆነው፣ ውሃው ሞቅ ብሎ፣ ጨው በሌላ መለኪያ ትክክል መሆኑ ተረጋግጦ አምፔሩ ዝቅ ካለ በእርግጥ መቀየሪያው ደርሷል። በክረምት ግን አትቸኩሉ፤ ውሃው ወደ 10 እና 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ምርት ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ። የገንዳ ዕቃ መደብሮች ብዙዎቹ በጠርሙስ የወሰዳችሁትን ውሃ በነጻ ይመረምራሉ። እነርሱም ጨው ሻጮች ስለሆኑ የራሳችሁን መመርመሪያ ወረቀት ቤት ብታስቀምጡ ይሻላል፤ ዋጋው ከአንድ የባለሙያ ጉብኝት እጅግ ያነሰ ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የድርጅቱን ፈቃድ በኔቫዳ የሥራ ተቋራጮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ቤታችሁ ድረስ መጥተው ያስፈረሟችሁን ውል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ የሚያስችል የፌዴራል ደንብ አለ፤ ነገር ግን ራሳችሁ ለጥገና የጠራችሁትን ሰው ሥራ ላይሸፍን ስለሚችል በእርሱ ተማምናችሁ አትፈርሙ። «ሴልና ሰሌዳ» አንድ ላይ የተጻፈበት ሂሳብ ከመጣላችሁ ሰውየው ሴሉን ፊት ለፊታችሁ እንዲፈታ፣ ከሳጥኑ ውጭ በሌላ መለኪያ የተገኘውን የጨው መጠን፣ አምፔሩንና የውሃውን ሙቀት በወረቀቱ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ባለሙያ ጥሩ።