ሊስተር ሲኤስ 6/1፦ አሮጌው የናፍጣ ሞተር ደጋ ላይ ከወራት ሥራ በኋላ

ሊስተር ሲኤስ 6/1 እንግሊዝ አገር ዱርስሊ ከተማ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ የኖረ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 114.3 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 139.7 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በደቂቃ 650 ዙር እየዞረ 6 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ክብደቱ ከ300 ኪሎ ያልፋል። ህንድ ውስጥ ራጅኮት የሚወጡት አምሳያዎቹ ደግሞ ለብዙ አገር ገበሬና ወፍጮ ቤት ተዳርሰዋል። እዚህ የሚገመገመው ኦሪጅናሉ ነው፤ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ቀን ውሃ እየሳበ ማታ ዲናሞ እያዞረ ወራት ሠርቷል።

ሞተሩ ላይ የተጻፈውን 6 የፈረስ ጉልበት ደጋ ላይ አትጠብቁ። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ከመጀመሪያው 150 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ወደ 3.5 በመቶ ጉልበት እንደሚቀንስ ይሰላል። በ2,300 ሜትር ሩቡ ስለሚሄድ የሚቀረው 4.5 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 3.3 ኪሎዋት ገደማ ነው። ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ቺንጋና ዲናሞው የሚበሉት ሲነሣለት፣ 2.5 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ከተገኘ ሞተሩ ግዴታውን ተወጥቷል። ለአምፖል፣ ለፍሪጅና ለትንሽ ፓምፕ ይበቃል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ አይሆንለትም። በግድ ቢጫንበት ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ገቨርነር ናፍጣውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ የሚያቃጥለው አየር ስለሌለ ትርፉ ጥቁር ጭስ ብቻ ነው። ልኩን ለማወቅ ጭነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩና ጭሱ መጥቆር ሲጀምር አንድ ደረጃ መልሱ። በግማሽ ጭነት በሰዓት ከአንድ ሊትር ያነሰ ናፍጣ ይወስዳል።

ዲናሞው 50 ኸርዝ እንዲሰጥ 1,500 ዙር ይፈልጋል። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ስፋቱ 300 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ዲናሞው ላይ የሚገባው በስሌት 130 ነው፤ ቺንጋው ትንሽ ስለሚንሸራተት 127 ቢሆን ይሻላል። ሞተሩ በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ስለሚተኩስ (በደቂቃ 325 ጊዜ) ባለ ክር አምፖል ሲርገበገብ ይታያል። ፋብሪካው ራሱ ስታርት-ኦ-ማቲክ ለተባለው የመብራት ሞተሩ ከበድ ያለ ቮላኖ (ዙሩን የሚያስተካክል ከባድ መንኰራኩር) የገጠመለት ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደው የማቀዝቀዣው ጉዳይ ነው። የውሃ ፓምፕ የለውም፤ የሞቀው ውሃ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) በኩል ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከታች ይመለሳል። ይህ እንዲሠራ የላይኛው ቧንቧ ከሞተሩ እስከ በርሜሉ ሳያጎነብስ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃም የቧንቧውን አፍ ሁልጊዜ መሸፈን አለበት። ውሃው ከአፉ በታች ከወረደ ዝውውሩ ይቆማል፤ በርሜሉ ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ሲሊንደሩ ይፈላል።

ደጋ ላይ ግን የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው፦ ሞተሩ በጣም ይቀዘቅዛል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ተገጥሞለት በትንሽ ጭነት ሲሠራ ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም። ነጭ ጭስ፣ የሚከረፋ የናፍጣ ሽታ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ የሚንጠባጠብ ጥቁር ቅባት የዚህ ምልክቶች ናቸው። ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፤ ውሎ አድሮ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። መፍትሔው የመኪና ቴርሞስታት (ውሃው እስኪሞቅ መተላለፊያውን የሚዘጋ) በላይኛው መውጫ ላይ መግጠም ነው፤ አየር እንዳይታፈን ቴርሞስታቱ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳ። የሚመረጠው በ82 ዲግሪ የሚከፈተው ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ በ88ቱ ላይ የሚቀረው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው። ለበርሜሉ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ፤ የጉድጓድ ውሃ ድንጋይ ይሠራል።

እኔ እንደምፈርደው ይህን ሞተር ሥራ አይገድለውም፤ የሚገድለው ቅዝቃዜና ያለ ጭነት መዞር ነው። ከግማሽ በላይ ጭነት ተሰጥቶት፣ ሞቆ ሲሠራ ጭሱ ዓይን አያየውም፣ ድምፁም አይለዋወጥም።

ሁለተኛው ብርቱ ጉዳይ የቮላኖዎቹ ቁልፍ ነው። ሁለቱ ቮላኖዎች ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ የተያዙት ራስ ባለው የብረት ሽብልቅ ነው። ሽብልቁ ትንሽ ከላላ የሚሰጠው ድምፅ የቢየላ (ፒስተኑን ከሻፍቱ የሚያያይዘው ክንድ) ብሮንዚና ካለቀበት አይለይም፤ ስንቱ በከንቱ ሞተር አስፈትቷል። ለመለየት ሽብልቁን፣ ሻፍቱንና የቮላኖውን እምብርት አቋርጦ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመር። ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ መስመሩ ከተሰነጠቀ ቁልፉ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሞተሩን አቁሙ። ሽብልቁ ወጥቶ፣ ቦዩ ጸድቶ፣ ሰማያዊ ማርኪያ (የሚነካውን ቦታ የሚያሳይ ቀለም) ተቀብቶ፣ ሙሉ ርዝመቱን እስኪነካ በሞረድ ይስተካከል። ላልቶ እየሠራ ከቀጠለ እምብርቱን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ቮላኖ ደግሞ ሰው ይገድላል።

የናፍጣ መርጫ ሰዓቱ ፒስተኑ ከላይ ከመድረሱ 20 ዲግሪ በፊት ነው። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፤ የቮላኖውን ዙሪያ በሜትር ለኩና ለ18 አካፍሉት። ዙሪያው 1,885 ሚሊሜትር ቢሆን 105 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ያን ያህል ከላይኛው ነጥብ በፊት ምልክት አድርጉ። ከዚያ የፓምፑን የግፊት ቧንቧ ፍቱ፣ ውስጥ ያለውን ቫልቭና ስፕሪንግ አውጡና መያዣውን መልሱ፤ የነዳጁን መክፈቻም ሙሉ ክፈቱት። ቮላኖው በእጅ ቀስ ብሎ በአቅጣጫው ሲዞር ከፓምፑ የሚፈሰው ናፍጣ የሚቆምበት ቅጽበት መርጫው የሚጀምርበት ነው። ምልክቱ ላይ ካልዋለ ከፓምፑ ሥር ያለውን የታፔት ብሎን ከፍ ማድረግ ያስቀድመዋል፣ ዝቅ ማድረግ ያዘገየዋል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.43 ሚሊሜትር ነው።

ለማስነሣት በቅድሚያ በፓምፑ ማንሻ ናፍጣ ይረጫል፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ጥርት ያለ «ክርር» ካላሰማ መሥመሩ ውስጥ አየር አለ፤ ማስተንፈሻው ብሎን ይከፈት። ከዚያ የጭስ ቫልቩ ይነሣ፣ በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያው ብረት) ፍጥነት ይያዝ፣ ቫልቩ ይለቀቅ። በድሮዎቹ ላይ ከቴስታታው ጎን ያለው፣ የጭመቃውን መጠን የሚለውጠው ትንሽ የእጅ መዘውር ሞተሩ ሲነሣ ተዘግቶ፣ ሙሉ ጭነት ሲይዝ ይከፈታል። ማኖቬላው ሲያዝ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ጎን ይሁን። ማኖቬላው የሚገባበት ጫፍም ግራሶ ይቀባ፤ ከተጣበቀ ከሞተሩ ጋር ይዞራል።

ዘይቱን የሚያዳርሰው ቢየላው ሥር ያለው ማንኪያ ነው፤ የዘይት ፓምፕም ፊልትሮም የለውም። በየ100 ሰዓቱ መቀየር ውድ መስሎ ቢታይም ከብሮንዚና ዋጋ ይረክሳል። ለደጋ ኤስኤኢ 30፣ ለቆላ 40 ይበቃል።

የህንዱን አምሳያ የሚገዛ ሰው ሳያስነሣው በፊት የዘይት ቤቱን ከፍቶ ይመልከት። ከቀለጠው ብረት የቀረ አሸዋ በየጥጉ ይገኛል፤ በናፍጣ መታጠብ፣ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ፣ ግድግዳው ዘይት በሚችል ቀለም መቀባት አለበት። የዋናው ሻፍት መያዣ ኩሽኔታ (በሮለር የሚዞር) ይሁን ተራ ቡሽ (ሮለር የሌለው) አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኦሪጅናሉ ባለ ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ነው።

ይህን ሞተር የሚያውቁ ሰዎችን ምክር ስትጠይቁ «አልነሣ አለ» ብቻ አትጻፉ። ስም ሰሌዳው ላይ ያለውን ዓይነትና ቁጥር፣ የቮላኖውን ስፋት፣ የፓምፑን ስሪት፣ የምትሠሩበትን ከፍታ፣ የጭሱን ቀለምና ከሞቀ በኋላ መለወጥ አለመለወጡን ግለጹ። 6/1ን ከ5/1 ወይም በ850 ዙር ከሚሠራው 8/1 ጋር ማምታታት የተሳሳተ ዕቃ ያስገዛል። የቴስታታውን ጋስኬት ከመፍታታችሁ በፊትም ውፍረቱን መዝግቡ፤ ፒስተኑ ወደ ቴስታታው የሚቀርበውን ልክ የሚወስነው እሱ ነው፤ ቀጭን ከገባ ይገጫጫሉ፣ ወፍራም ከገባ ጠዋት አይነሣም።

መጋዘን ውስጥ የማይታጡት አንድ ኖዝል (የኢንጀክተሩ ጫፍ)፣ የፓምፕ ኤሌመንት (ናፍጣውን የሚገፋው ክፍል) ከቫልቩ ጋር፣ የፒስተን ቀለበት ስብስብ፣ ሁለት የቴስታታ ጋስኬትና ተሞርዶ የሚገጠም አንድ ትርፍ ሽብልቅ ናቸው። ኤሌመንቱና ቫልቩ አብረው ይቀየሩ፤ አዲሱ ኤሌመንት ካለቀ ቫልቭ ጋር ሲጣመር ኢንጀክተሩ ሊያንጠባጥብ ይችላል።