«ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሳር» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ ቤት ገዝታችሁ የግቢ ሳር የመንከባከብ ጣጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገጠማችሁ ወገኖቼ ነው። ባለፈው ዓመት ማርች መጨረሻ፣ ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በገባን በአምስተኛው ወር፣ የአንድ ሳር እንክብካቤ ድርጅት ሻጭ በራችንን አንኳኩቶ «ዓመት ሙሉ አረንጓዴ» የሚል የሰባት ዙር ውል አስፈረመኝ፤ 780 ዶላርም በቅድሚያ ከክሬዲት ካርዴ ወሰደ። ባለቤቴ «እስኪ ነገሩ ይደርበት» ብላኝ ነበር፤ ሻጩ ግን ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው ስላለ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ፈረምኩ። ውሉ በጽሑፍ ካልተሰረዘ በየዓመቱ በራሱ እንደሚታደስ የሚገልጸውን፣ በጀርባው በደቃቅ ፊደል የታተመውን አንቀጽ ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ጉዳቱ የጀመረው በመጀመሪያው ዙር ነው። በኤፕሪል አጋማሽ የመጣው ሠራተኛ በተመለጡት ቦታዎች ላይ የሳር ዘር ከበተነ በኋላ፣ በዚያው ሰዓት፣ ክራብግራስ የሚባለው አረም እንዳይበቅል የሚከላከለውን መድኃኒት በመላው ግቢ አዳረሰው። ሁለቱም በውሉ ላይ ጎን ለጎን እንደ ልዩ ጥቅም ተዘርዝረው ነበር። ይህ መድኃኒት የሚሠራው ግን በአፈሩ የላይኛው ክፍል ላይ ተቀምጦ ገና በመብቀል ላይ ያለ ዘር ሥር እንዳይሰድ በማድረግ ስለሆነ፣ የአረሙን ዘር ከሳሩ ዘር አይለይም፤ ኃይሉም ለወራት ይቆያል። ድርጅቱ የሸጠልኝን ዘር ራሱ በሸጠልኝ መድኃኒት አመከነው ማለት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጢጥ ብዬ አፈሩን በጣቴ ስጭረው፣ ከዘሩ ከፊሉ እንደተበተነ ተኝቶ፣ ከፊሉ ነጭ ጫፍ ብቻ አውጥቶ ደርቆ አገኘሁት።

በሜይ ማዳበሪያ ሊበትን የመጣው ደግሞ ሥራውን በሰባት ደቂቃ ጨርሶ ሄደ። በእግረኛው መንገድ ላይ የፈሰሰውን ፍሬ በመጥረጊያ ወደ ሳሩ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ የሜሪላንድ ሕግ ይህን ግዴታ የሚጥለው ግን በበታኙ ላይ ነው።

በጁላይ ሳሩ ቡናማ መሆን ሲጀምር ሻጩ ተመልሶ መጣና «እየሞተ ነው፣ ተጨማሪ ናይትሮጅን ያስፈልገዋል» አለኝ። እዚህ ላይ የራሳችንን ድክመት መናገር አለብኝ። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ያደግንበት ደጋ ዝናብ ጠግቦ የሚለመልምበት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያ ወር የደረቀ ሳር ስናይ እንደነግጣለን፤ ሻጩም የሚነግደው በዚህ ድንጋጤ ነው። በሜሪላንድ ግቢዎች በብዛት የሚተከለው ቶል ፌስኪው ግን ቀዝቃዛ ወራትን የሚወድ ሳር ነው፤ በበጋው ሙቀት ዕድገቱን ገታ አድርጎ ያርፋል እንጂ ቡናማ ሆነ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። በዚያ ሙቀት ናይትሮጅን መጨመር እንዲያውም ብራውን ፓች የተባለውን የፈንገስ በሽታ ያባብሳል። ይህን ሳላውቅ 95 ዶላር ጨመርኩ፤ በኦገስትም ግቢዬ ላይ እንደ ምጣድ የከበቡ ቡናማ ክቦች ታዩ።

በሴፕቴምበር ውሉን እንደገና ሳነብ የመጨረሻው ዙር በዲሴምበር አጋማሽ የሚደረግ «የቅዝቃዜ ወቅት ማዳበሪያ» መሆኑን አየሁ። ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የግዛቱ የማዳበሪያ ሕግ፣ ንጥረ ነገሩ ታጥቦ ወደ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ እንዳይገባ ሲባል፣ ባለሙያዎች እንኳ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 1 በሳር ላይ ማዳበሪያ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ስለዚህ በሕግ ለማይፈቀድ ሥራ አስቀድሜ ከፍያለሁ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአብዛኛው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክፍል የምትኖሩ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ካውንቲው በ2015 ያወጣው ሕግ አብዛኞቹን ሰው ሠራሽ የአረም መድኃኒቶች ለግቢ ሳር ማሳመሪያ መጠቀምን አይፈቅድም፤ ሻጩ ግን ያንኑ የሰባት ዙር ወረቀት ይዞ ወደ እናንተም ሊመጣ ይችላል።

ዘር የሚዘራበት ትክክለኛ ጊዜ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ እንቁጣጣሽንና መስቀልን ብታስታውሱ አታልፉትም። ዋናው ማዳበሪያም የሚሰጠው በዚያው በመጸው ነው። ከዚያ በፊት አፈሩን አስመርምሩ፤ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ለነባር ሳር የሚፈቀደው የአፈር ምርመራው ጉድለት ካሳየ ብቻ ነው። ሳሩን ከ3 እስከ 4 ኢንች አስረዝማችሁ እጨዱ፤ ረጅም ሳር አፈሩን ስለሚያጠላ ክራብግራስ ብርሃን አጥቶ ይዳከማል።

ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ቤታችሁ ድረስ መጥተው የሸጡላችሁን ከ25 ዶላር ያላነሰ ውል በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት የመሰረዝ መብት በፌዴራል ደንብ ተሰጥቷችኋል፤ የመሰረዣውን ቅጽ መስጠትም የሻጩ ግዴታ ነው። እኔ ቅጹ አልተሰጠኝም፣ ስለመኖሩም አላውቅም ነበር። ቀኑ ካለፈባችሁ አቤቱታችሁን ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል፣ የማዳበሪያውንና የመድኃኒቱን ጉዳይ ለግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ማቅረብ ትችላላችሁ።

እኔ በሴፕቴምበር ውሉን በደብዳቤ ሰርዤ፣ ባንኩ ያልተሠሩትን የሁለት ዙሮች ገንዘብ አስመልሶልኛል፤ የኤፕሪሉ ዘርና የጁላዩ 95 ዶላር ግን ቀልጠው ቀርተዋል። ዘንድሮ በፌብሩዋሪ ድርጅቱ «ውልዎ ታድሷል» ብሎ 820 ዶላር ሲጠይቀኝ ያዳነኝ፣ ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ልኬ የተቀበሉበትን የፊርማ ወረቀት ማስቀመጤ ነው።