ፎርድ ኤፍ-150 ወይስ ራም 1500? ለስራም ለሽርሽርም

ብዙ ሰው ትልቅ ፒክአፕ ሲመርጥ የሚጠይቀው ስንት ይጎትታል ብሎ ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ሹፌሩ በር ጋ የተለጠፈችው ስቲከር ላይ መኪናው ስንት ኪሎ እንደሚሸከም አንብቡ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ተሳፋሪውም እቃውም፣ ተጎታቹ መንጠቆው ላይ የሚጥለው ጭነትም (ብዙ ጊዜ ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት) ሁሉም ከዛች ቁጥር ላይ ነው የሚቀነሰው። አራት ወፋፍራም ጓደኞች ካላችሁማ አስቡበት 😄

ራም 1500 ከኋላ ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ስላለው ባዶውን ስትነዱት ብዙም አያንገጫግጭም፣ ለረጅም መንገድና ለቤተሰብ እሱን ነው የምመርጠው። ኤፍ-150 ደግሞ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ቦዲው አሉሚኒየም ነው፣ ቀለል ይላል፣ እንደ ብረት አይዝግም። ሃይብሪዱማ በአማራጭ እስከ 7.2 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ሳይት ላይ መጋዝ፣ ካምፕ ላይ ምድጃ ትሰካበታለህ፣ ጀነሬተር መሸከም ቀረ ማለት ነው።

ካሶኒው ግን ይታሰብበት፣ ባለ 8 ጫማውን አዲሱ ራም 1500 ላይ አታገኙትም፣ ኤፍ-150 ላይ አለ። ሙሉ ኮምፔርሳቶ የምትጭኑ ከሆነ ለኔ ጨዋታው እዚህ ጋ ያልቃል፣ ፓርኪንግ ላይ ግን ታማርራላችሁ።