ዲአርቢዲ ወይስ የዜድኤፍኤስ ስናፕሾት?

ዋናው ሰርቨር ቢወድቅ ተጠባባቂው እንዲተካው ዳታው በምን ይድረሰው? አማራጮቹ ሁለት ናቸው፦ ዲአርቢዲ (DRBD) ዲስክ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ በኔትወርክ ወዲያው ወደ ሌላ ሰርቨር ይገለብጣል፤ ስናፕሾት ደግሞ ዜድኤፍኤስ (ZFS) የተባለው ፋይል ሲስተም የሚያነሳው የዳታው የአንድ ቅጽበት ቅጂ ነው፣ በየጊዜው ይላካል። ሶፍትዌሮቹ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ልዩነቱ ሌላ ጋ ነው።

ዲአርቢዲ በፕሮቶኮል ሲ (ሁለቱንም ሰርቨር በሚጠብቀው አሠራሩ)፦ ዳታው በሁለቱም ሰርቨር ዲስክ ላይ ሳያርፍ "ተጽፏል" አይልም። ግን ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ዳታቤዙም አብሮ ይንቀራፈፋል። ፋይል በስህተት ከጠፋ ደግሞ ተጠባባቂው ላይም ወዲያው ድራሹ ይጠፋል።

ስናፕሾት፦ በየ15 ደቂቃው ከተላከ፣ የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ሥራ ልትቀር ትችላለች። የሚላከው የተለወጠው ብቻ ስለሆነ ቀጭን መስመርም አያንሰው። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቢገባ የትናንቱ ስናፕሾት አለ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ዳታና የዋል (WAL) ፋይሎቹ፣ ማለትም ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡባቸው፣ በተለያየ ዳታሴት (የዜድኤፍኤስ ክፍል) ላይ ከሆኑ፣ የሁለቱንም ስናፕሾት በአንድ ትዕዛዝ በአንድ ቅጽበት አንሱ። አለዚያ ዳታቤዙ ሲነሳ ላይገጣጠሙ ይችላሉ።

የገንዘብ ዝውውር ከሆነና ሰርቨሮቹ ከተቀራረቡ ዲአርቢዲ ይሻላል። ተጠባባቂው ሌላ ከተማ ካለ ስናፕሾት። አቅሙ ያለው ሁለቱንም ይጠቀም።