ለሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምስጋና፣ አራስ ላለበት ቤት ጥቆማ

በጤና ጣቢያው የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች፣ ለወረዳችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምስጋናችንን በአደባባይ እናቀርባለን። አራስ ያለባችሁም ጥሯት፤ ክፍያ የለውም።

ጠያቂ ሁሉ ገንፎውን ቀምሶ፣ ሕፃኑን መርቆ ይወጣል። እሷ የምትጠይቀው ስለ እናቲቱ ነው፤ ያውም ባልም አማትም ከክፍሉ ከወጡ በኋላ። «ደህና ነሽ?» አትልም፤ መልሱ ሁሌም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነዋ! «ሕፃኑ ሲተኛ አንቺንስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ትላለች። ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ከወለዱ በ3ኛውና በ5ኛው ቀን አካባቢ ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል 10 ጥያቄዎች ያሉትን፣ የአራስን ድባቴ የሚለየውን የኤድንብራ መጠይቅ ትሞላለች። ከ30 ነጥብ 13 ከሞላ ወደ እኛ ትልካለች። ነጥቡ ዝቅ ቢልም የእናቲቱ ሁኔታ ካላማራት ትልካለች፤ ብዙ ሴቶች ሐዘናቸውን የሚናገሩት በራስ ምታትና በወገብ ሕመም ነውና። ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው 10ኛው ላይ «አዎ» ከተባለ ግን ድምሩ አይታይም፣ በዚያው ቀን ይዛት ትመጣለች። እኛ ደግሞ ደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ድባቴን ስለሚመስሉ ደም እናያለን።

ከሁሉ የምናደንቅላት ክርስትናው አልፎ፣ የአራሷ እናት ወደ አገሯ ተመልሳ ቤቱ ጭር ሲል መምጣቷን ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ያኔ ነው። ለጎረቤት ሥራ ታከፋፍላለች፦ አንዷ ልብስ፣ አንዷ ምግብ፣ ባል ደግሞ ሌሊቱን። አራሷ ለ4 ወይም ለ5 ሰዓት ያህል ሳትቀሰቀስ እንድትተኛ የታለበ የጡት ወተቷን በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጣሉ፤ ከታለበ በኋላ ቤት ውስጥ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ይቆያል፣ በሲኒ ይሰጣል።

መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። ለድባቴ የሚታዘዘው ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ጡት አያስጥልም። ተሽሎኛል ብሎ ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል፣ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል። ባለሙያዋ ጸበልም አትከለክልም፣ ኪኒኑ አይቅር እንጂ።

አራሷ ሳትተኛ ካልደከማት፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች ወይም ስለ ልጁ እንግዳ ነገር ከተናገረች ግን ባለሙያዋንም አትጠብቁ። አራሷን ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ሳትተዉ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

በሌላ ወረዳ ያላችሁ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «አራስ አለችን፣ ቤት ድረስ ትታይልን» በሉ። የቤት ቁጥርና የወለደችበትን ቀን ያዙ።